ልጅን ሲያተኩሰው፦ ጋቢው፣ ሽሮፑና የቆላው ጥያቄ

ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት የልጅ ገላ ሲነድ መጀመሪያ የሚሆነው ይታወቃል፤ ጋቢ ይደረባል። ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ደግሞ የአባትየው ካፖርት። «ብርድ እንዳይመታው።» መንዝ ከሆነ ዝተቱም ይጨመራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲዳሰስ ልጁ ይበልጥ ይፋጃል። ያኔ ቤቱ ይደነግጥና ሁሉም ተገፎ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ፎጣ ደረቱ ላይ ይጣላል፤ ልጁም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለቱም ከፍቅር የሚደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ልጁን ከማጉላላት በቀር አይረዱትም።

ከዚህ በታች የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ነው፤ ደጋው ላይም ቆላውም ላይ ላለ። ስለ ልብሱ፣ ስለ ቴርሞሜትሩ፣ ስለ መድኃኒቱ መጠን በቅደም ተከተል እሄዳለሁ። እዚህ አካባቢ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ «ልጁ በቅርቡ ቆላ ወርዶ ነበር?» የሚለው። እሱን ለብቻው አነሳዋለሁ፤ ቸኩላችሁ ከሆነ ወደዚያ ዝለሉ።

መጀመሪያ የልብሱ ነገር። ትኩሳት ሲነሳ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ልኩን ከፍ ያደርገዋል። ሰውነት ወደ አዲሱ ልክ ለመድረስ ሙቀት ይቆጥባል፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የልጁ መዳፍና እግር በረዶ፣ ሆዱና ጀርባው እሳት ይሆናል። እናት እግሩን ዳስሳ «በርዶታል» የምትለው በዚህ ሰዓት ነው። ልኩ ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ እግሩም ይሞቃል። ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ያልበዋል። ልብሱ ይህን እየተከተለ ይቀያየር፤ ሲያንቀጠቅጠው አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ እግሩ ሲሞቅ እሱን ማንሳት፣ ሲያልበው የረጠበውን ካናቴራ በደረቅ መቀየር። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት አገር ራቁቱን ይቀመጥ የሚል የለም፤ አንድ ሽፋን ልብስና አንድ ስስ መደረቢያ ይበቃዋል። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ታሞ ሳይሆን በልብስ ብዛት ብቻ ሊግል ይችላል። ከተገለጠ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙቀቱን እንደገና ለኩት።

ስለ ሙቀት ከተነሳ ከሰል ማንደጃ። ለታመመ ልጅ ክፍሉ ይሙቅ ተብሎ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል ሲገባ የሚወጣው ጭስ የሌለውና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ያፈዛል፣ ይገድላል። በበሽታው የፈዘዘና በከሰሉ የፈዘዘ ልጅ ደግሞ ሲታይ አይለይም። ከሰል ልጁ በተኛበት ክፍል አይደር።

ልኬቱ

እጅ ትኩሳት መኖሩን ያውቃል፣ መጠኑን ግን አያውቅም። እንጀራ ስትጋግር የቆየች እጅና ልብስ ስታጥብ የቆየች እጅ በአንድ ልጅ ላይ የተለያየ ፍርድ ይሰጣሉ። በእጅ ከሆነ በመዳፍ ጀርባ፣ ከግንባሩ ይልቅ ሆዱን ወይም ደረቱን ንኩት።

ዲጂታል ቴርሞሜትር መድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ልጅ ያለበት ቤት አንድ ይኑረው። የሚለካው በብብት ነው። ልጁ ታዝሎ ከነበረ አውርዱትና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ የእናት ጀርባና አንቀልባው ያሞቁታልና። ብብቱን ከላብ አድርቁ። ጫፉ ከብብቱ መካከል ሥጋ ይንካ፤ ካናቴራ ጣልቃ ከገባ የሚለካው ካናቴራውን ነው። ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፋችሁ ያዙት፣ ጢጥ እስኪል ጠብቁ። የመስታወቱ፣ ሜርኩሪ ያለበት፣ ከሆነ ግን አስቀድሞ ከ35 በታች እስኪወርድ ይራገፋል፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ሙሉ ይያዛል። ብዙ ሰው በሁለት ደቂቃ አውጥቶ «ትኩሳት የለውም» ይላል። ይህኛው ከተሰበረ የብር ጠብታውን በእጅም በመጥረጊያም አትንኩት፤ ልጆችን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጠብታዎቹን በወረቀት ጠርዝ ሰብስባችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ግንባር ላይ የሚተኮሰው መሣሪያ ከውጭ ብርድ ገና በገባ ወይም እሳት ዳር በቆየ ልጅ ላይ ይሳሳታል።

በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ጤና ጣቢያ የሚሠራበት መመሪያ ለትኩሳት መድኃኒት የሚሰጠው 38.5 ሲደርስ ነው። በመካከል ያለ፣ የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅ ሽሮፕ አያስፈልገውም፤ ትኩሳቱ ራሱ ሰውነት ከተሕዋስ ጋር የሚታገልበት መንገድ ነው። ቁጥሩ ብቻውን የበሽታውን ክብደት አይናገርም። 39.5 ሆኖ ቀላል ጉንፋን የሆነ ልጅ አለ፣ 38 ሆኖ ማጅራት ገትር የያዘው ልጅም አለ። ልዩነቱ የሚታየው መድኃኒት ሰጥታችሁ ሙቀቱ ትንሽ ሲቀንስ ነው። ያኔ ዓይኑን ገልጦ የሚጠጣ፣ የሚያለቅስ፣ እናቱን የሚፈልግ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሙቀቱ ወርዶም ልፍስፍስ ብሎ የሚተኛ ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ።

ሽሮፑ

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ብዙው ስህተት እዚህ ነውና። ለልጅ ትኩሳት የመጀመሪያው መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው፤ የሚሰላውም በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል፤ በጣም ካስፈለገ ከ4 ሰዓት በፊት አይደገምም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አያልፍም። «አንድ ዓመት ሞልቶታልና 10 ኪሎ ነው» አይባልም። የቅርብ ጊዜ ኪሎው የክትትል ካርዱ ላይ ካልተጻፈ እናቱ የሰው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዋን፣ ከዚያ ልጁን አቅፋ ትቁም፤ ልዩነቱ የልጁ ኪሎ ነው።

ቀጥሎ ጠርሙሱን አዙራችሁ ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ። አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊግራም ይይዛል፤ ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር 250 ይይዛል። ለጨቅላ የሚሸጠው ጠብታ ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሊሆን ይችላል፤ ከ120ው ሽሮፕ አራት እጥፍ የበለጠ የጠነከረ ማለት ነው። ቀለማቸውና ጣዕማቸው ሊመሳሰል ይችላል። ባለፈው ወር «አንድ ማንኪያ» ተብሎ የተሰጠው ልጅ ዛሬ በሌላ ጠርሙስ «አንድ ማንኪያ» ሲሰጠው እጥፍ ወሰደ ማለት ነው።

በ15 ሚሊግራም ስናሰላው፣ 120ው ሽሮፕ ከሆነ 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 5 ሚሊ ሊትር፣ 10 ኪሎው 6፣ 12 ኪሎው 7 ተኩል ይወስዳል። በ250ው ሽሮፕ 10 ኪሎው የሚያስፈልገው 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሽሮፕ ከጠፋና ያለው 500 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ ሩቡ 125 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ላለ ልጅ ይሠራል። ክኒኑን በሰንጥቁ ላይ ለሁለት፣ ግማሹን እንደገና ለሁለት ቁረጡት፤ በሁለት ማንኪያ መካከል አድቅቃችሁ በትንሽ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ በጥብጡ። ሙሉ ጽዋ ውኃ ውስጥ አትበጥብጡት፤ ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ይተፋና ስንት እንደገባ ማንም አያውቅም።

የወጥ ቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም። የሻይ የሚባለው ከቤት ቤት ይለያያል፤ የቡናው ከግማሹ ሊያንስ ይችላል፣ የሾርባው ሦስት እጥፍ ይይዛል። የተሻለው መርፌው የወጣ 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ መድኃኒት ቤት በጥቂት ብር ይሸጣል። ልኩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉና ከላዩ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ሌሊት በእንቅልፍ ዓይን፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ስትሰጡ አያሳስታችሁም። ጠርሙሱን ነቅንቁ፤ ታቹ የረጋ መድኃኒት ካልተነቀነቀ የመጀመሪያው ቀን ውኃ፣ የመጨረሻው ቀን ዱቄት ይሆናል። ልጁን ቀና አድርጋችሁ አቀፉት፣ ስሪንጁን በጉንጩና በድዱ መካከል አስገብታችሁ ጥቂት ጥቂት ግፉ፤ ዋጥ እስኪያደርግ ጠብቁ። አፍንጫ አፍኖ አፍ ማስከፈትና ወደ ጉሮሮ መርጨት ትን ያስብላል፤ ይህ በጣም የተለመደና በጣም መጥፎ ልማድ ነው።

ከሰጣችሁት 15 ደቂቃ ሳይሞላ ካስመለሰው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በኋላ ካስመለሰ የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ። መሥራት የሚጀምረው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ የሚያወርደውም አንድ ወይም አንድ ተኩል ዲግሪ ያህል ነው። 39.8 የነበረው 38.5 ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል። «አልወረደለትም» ብሎ በሁለት ሰዓት መድገም የጉበት መመረዝ መንገድ ነው። መመረዙ ደግሞ ያዘናጋል፤ መጀመሪያ ልጁ ደህና መስሎ ይቆያል፣ ጉበቱ የሚጎዳው ከቀን ሁለት ቀን በኋላ ነው። ብዙ እንደወሰደ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ሂዱ።

ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከተሰጠ የሚቀጥለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ አያትም አክስትም ካሉ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንዷ ከሰጠች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌላዋ አዝና ልትደግመው ትችላለች። ለጉንፋንና ለሳል የሚሸጡ ብዙ ሽሮፖች ውስጥም ፓራሲታሞል ተደባልቆ ስላለ ሁለቱን ደርቦ መስጠት እጥፍ መስጠት ነው። የጉንፋን ሽሮፖቹ ለትንንሽ ልጆች ጥቅማቸው ይህን ያህል ስላልሆነ እኔ ባትገዟቸው እላለሁ።

አይቡፕሮፌን ይሠራል፤ ከ3 ወር በላይና ከ5 ኪሎ በላይ ለሆነ ልጅ ለኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ከቀመሰ በኋላ። ለሚያስቀምጠው፣ ለሚያስመልሰው፣ ለማይጠጣ ልጅ ግን አይሰጥም፤ ውኃ ያነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ጉበትና አንጎል የሚያጠቃ ከባድ በሽታ ያመጣል። «መርፌ ይወጋልኝና ቶሎ ይውረድለት» የሚል ወላጅ አይጠፋም። መዋጥ ለሚችል ልጅ የትኩሳት መርፌ ከሽሮፑ የሚበልጥ ነገር የለውም፤ ቂጥ ላይ ቦታውን የሳተ መርፌ ግን የእግር ነርቭ ነክቶ ልጅን አንካሳ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል። ከወንድሙ ተርፎ መስኮት ላይ የቆመ አሞክሳሲሊን የሚባል የባክቴሪያ መድኃኒትም አይሰጥ፤ ከተበጠበጠ ከሳምንት በላይ የቆየ ሽሮፕ ኃይሉ ሞቷል፣ ጉንፋንንም ድሮውንም አይነካም።

ፎጣ፣ አረቄ፣ ዳማከሴ

በቀዝቃዛ ውኃ ማበስ ቆዳውን ያበርዳል፤ አንጎል ግን ልኩን አልቀየረምና ሰውነት በመንቀጥቀጥ ሙቀቱን መልሶ ያመጣል። ለብ ባለ ውኃ ማበስም ቢሆን የሚያወርደው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁ ደስ ካለው ፊቱንና እጁን አብሱለት፤ ካለቀሰ ተዉት። አረቄ መቀባት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ አልኮሉ ሰርጎ ደም ውስጥ ይገባል፣ በትንፋሽም ይገባል፤ ሕፃኑን ያሰክረዋል፣ የደም ስኳሩን ያወርደዋል። ልጁ ፀጥ ብሎ ሲተኛ «ተሻለው» ይባላል።

«ምች መታው» ሲባል ዳማከሴ ይቀጠቀጣል። ለትልቅ ልጅ ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት ምንም አይለውም፤ ጭማቂውን ለጨቅላ አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠብ ግን ትን ያስብላል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሕፃን ቆዳ ላይ ሲለጠፉ እንደ እሳት ያቃጥላሉ፣ ውኃ ያስቋጥራሉ። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። እነዚህ ሁሉ ካላቸው ጉዳት በላይ የሚወስዱት ጊዜ ያሳስበኛል፤ ምቹ እስኪለቅ ሦስት ቀን ሲጠበቅ ወባው ወይም የሳንባ ምቹ ሥራውን ይሠራል።

ሁለት ነገር ግን ያለ ይሉኝታ እናገራለሁ። ትኩሳትና ተቅማጥ ያለበትን ሕፃን «ግግ ነው» ብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱን ከድድ ፈልፍሎ ማውጣት፣ የጉሮሮ ሕመም ያለበትን «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ መቁረጥ። ድዱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ሊወጣ የተዘጋጀ ጤናማ ጥርስ ነው። እንጥልም ጉሮሮ ሲታመም ስለሚያብጥ የረዘመ ይመስላል እንጂ የበሽታው ምክንያት አይደለም። ባልተቀቀለ መሣሪያ የተደረገ ቁርጥ ደም አፍስሶ፣ መግል ይዞ፣ ቴታነስ አምጥቶ ልጅ ገድሏል። አያት ቢቆጡም አይደረግም።

መጠጡ

ትኩሳት ውኃ ይጨርሳል፤ በፍጥነት ሲተነፍስም ሲያልበውም ይወጣል። ጡት የሚጠባ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ አፍንጫው ስለታፈነ የሚለቅ ከሆነ ከማጥባት በፊት ጨው ባለው የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አንድ ሁለት ጠብታ አርጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉለት። ከ6 ወር በላይ ለሆነው ስስ የገብስ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውኃ፣ ከፈለገ ቀጠን ያለ ሻይ። ምግብ እንቢ ቢል ለሁለት ቀን አትጨነቁ፣ መጠጡን ግን አትልቀቁ። በየአምስት ደቂቃው ሁለት ሦስት ማንኪያ የወሰደ ልጅ በሰዓት ውስጥ ብዙ ይጠጣል፤ አንድ ብርጭቆ በአንዴ የተሰጠው ያስመልሰዋል።

ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ፣ በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው፣ ግን ጀርባውን አንብቡ፤ የግማሽና የሁለት ሊትር አለና። ለግማሽ ሊትር የተበጠበጠ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳዋል፤ ለሁለት ሊትር የተበጠበጠ አይጠቅመውም። በተቀመጠ ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ላለው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። ከ6 ሰዓት በላይ ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ውኃ አንሶታል።

«ቆላ ወርዶ ነበር?»

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ እዚያ አይራባም። ከዚያ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ግማሽ ቀን መንገድ ካፖርት ከሚለበስበት አጎበር ወደሚዘረጋበት አገር ይገባል። ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም፣ የጀማ ሸለቆ ሁሉ እንዲሁ፤ በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ የወባ ቦታ ነው። ደጋ ያለ ሰው ዘመድ ጥየቃ፣ ለንግድ፣ ለሥራ ልጁን ይዞ ይወርዳል፣ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ልጁን ከዐሥር ቀን በኋላ ያተኩሰዋል። ያኔ ብርድ የመታው መስሎ ጋቢ ይደረብለታል።

ትንኟ ነክሳ ትኩሳት እስኪነሳ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በወር ውስጥ ይነሳል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ «ባለፈው ሳምንት አልሄደም» አይበቃም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ዋና ወቅት ወይም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ወርዶ ከነበረ ለጤና ባለሙያው ሳትጠየቁ ንገሩት። ደጋ ያለ ባለሙያ ካልነገራችሁት ወባን ላይመረምር ይችላል።

ቆላ የምትኖሩ ወይም በቅርቡ ወርዳችሁ ከሆነ ትኩሳት ያለበት ልጅ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። ጤና ኬላ ያለችው የኤክስቴንሽን ባለሙያ ከጣት በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም በሩብ ሰዓት ገደማ ትለየዋለች። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁት ትኩሳቱ ቢወርድም ሂዱ፤ ወባ ይመጣል ይሄዳል፣ ምርመራው ግን ያገኘዋል። ሳይመረመር ክኒን መዋጥም ከጎረቤት መዋስም የለም።

ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ከተሰጠው ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ከጀመረ ከቀኑ 11 ሰዓት። ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ በድምሩ 3 ቀን፣ 6 ጊዜ። ቅባት ካለው ነገር፣ ከጡት ወይም ከወተት ጋር ይሰጥ፣ አለበለዚያ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ይደገማል፤ ለጎደለው ክኒን ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ ብሎ ማቆም ወባውን ያገረሸዋል። ሌላም አለ፤ ከጣት የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ከዳነም በኋላ ለሳምንታት «ወባ አለ» ሊል ስለሚችል በድጋሚ ቢያተኩሰው በአጉሊ መነጽር የሚታየውን ጠይቁ።

ደጋውም የራሱ አለው። በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ብርድ ባለበትና ልብስ በማይቀየርበት ቦታ ይገኛል። ይሁንና «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘበት» ተብሎ ከአንድ የደም ምርመራ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትን በጥያቄ ተቀበሉት፤ ምርመራው ድሮ ከያዘ በሽታም አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። ሳልም ንፍጥም ተቅማጥም ሳይኖረው የሚያተኩሰው ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ሽንቷ ይመርመር። ሽፍታ፣ የቀላ ዓይንና ሳል ከትኩሳት ጋር ከመጣ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። ጨለማ ክፍል ደብቆ ማስቀመጥ ዓይኑንም ሳንባውንም አያድንም፤ ቫይታሚን ኤ ይሰጠው ዘንድ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ትንፋሽ መቁጠር

ማንም ወላጅ ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ካናቴራውን እስከ ደረቱ ገልጡ። ሆዱ ከፍ ሲል አንድ፤ ዝቅ ሲል አትቁጠሩ። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዙ፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፣ ትንፋሹ ስለሚቆራረጥ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ትኩሳት ራሱ ትንሽ ያፈጥናልና ሽሮፕ ከሰጣችሁ ሰዓት በኋላ እንደገና ቁጠሩ። እንደዚያው ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ የታችኛው የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ቁጥሩን ተዉና ተነሱ።

ሲያንዘፈዝፈው

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በትኩሳት ብቻ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ዓይኑ ይገለበጣል፣ እጅና እግሩ ይገተራል፣ አረፋ ይደፍቃል። መሬት ላይ በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ያለውን ጀበናና ማንደጃ አርቁ፣ አንገቱ ላይ ያለውን አላሉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ፤ ምላሱን አይውጠውም። ክብሪት ማሽተት፣ ውኃ መርጨት፣ ሽሮፕ ማጠጣት የለም። ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ተኝቶ ይቆያል። ቢቆምም ያንኑ ሰዓት ሐኪም ይየው፤ እዚህ አገር መንዘፍዘፍ የወባና የማጅራት ገትር ምልክትም ነውና። 5 ደቂቃ ካለፈ መኪና ይፈለግ። ፓራሲታሞል ቶሎ ቶሎ መስጠት ይህን አያስቀርም፤ ሽሮፕ የዘገየ ወላጅ ጥፋተኛ አይደለም።

ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፤ ሽሮፕም ሳይሰጥ፣ እየጠባ፣ ከእናቱ ደረት ጋር ሥጋ ለሥጋ ታቅፎ ይሂድ። ከ6 ወር በታች ያለውም በዚያው ቀን ይታይ። በማንኛውም ዕድሜ ግን ጡት ወይም ውኃ አልይዝም ካለ፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም የጨቅላው እርግብግቢት ካበጠ፣ በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ቆዳው ላይ ከወጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። ደጋ ሆኖ፣ ቆላ ሳይወርድ፣ እየጠጣና እየተጫወተ የሚያተኩሰው ልጅ ግን ሁለት ቀን ቤት ሊጠበቅ ይችላል፤ ሦስተኛው ቀን ከያዘ ይታይ።

ስትወጡ ሰዓት የጻፋችሁበትን ወረቀት፣ የክትባት ካርዱንና የሰጣችሁትን መድኃኒት ጠርሙስ ያዙ። «ቀይ ሽሮፕ ነው የሰጠነው» ሲባል ሐኪሙ ምንም አያውቅም፤ 120 ይሁን 250 የሚነበበው ከጠርሙሱ ላይ ነው። በመንገድ ላይም ልጁ በጋቢ ተጠቅልሎ ታዝሎ ከሆነ ከባጃጁ ስትወርዱ ፊቱን ግለጡና ዓይኑን እዩ።